ከአራሷ የደበቅነው ሞት

ሚስቴ የሞተችው ልጃችን በወለደች በሰባተኛው ቀን ነው። ልጄ የታረሰችው ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ ላይ፣ ባሏ ቤት ስለነበረ የለቅሶው ድምፅ አልደረሳትም። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ወተቷ ይደርቃል ይባላል። ፊደል ያለ መምህር የቆጠርኩ፣ ልጆቼን ዋሻችሁ ብዬ የምገርፍ ሰው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተስማማሁ።

ልጠይቃት ስሄድ የሐዘን ልብሴን ከአጥሩ ውጭ አውልቄ ነጭ ለብሼ ገባሁ።

“እማማስ?” አለችኝ።

“ጠበል ገብታለች።”

“አራስ ጥላ ጠበል! ትምጣ ብቻ፣ ገንፎዬን ሳታገነፋ አላናግራትም!” ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለዚያ ሳቅ ይቅርታ የምጠይቀው ማንን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ፈላና በር በሚባለው የከተማችን ግንብ መግቢያ አጠገብ መጽሐፍ የሚጠርዙ አንድ የእስላም ሽማግሌ ጎረቤቴ ነበሩ። ነገሩን ሰምተው፣ “አንተ ሰው፣ ሞት ሐቅ ነው። ለእናቷ ዱዓ የምታደርግበትን ቀን ለምን ትቀማታለህ?” አሉኝ።

“ወጋችን ነው።”

“ለእሷ ብለህ ነው ወይስ ስታለቅስ ላለማየት?”

ተቀየምኳቸው። የተቀየምኩት እውነት ስለተናገሩ ነው።

አርባዋን ያለ ልጇ አወጣን። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሳች በኋላ፣ በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎች ይዤ ሄድኩና አረዳናት። ደረቷን አልደቃችም።

“አርባዋ ወጣ?” አለችኝ።

“ወጣ።”

“ጠበል ገብታለች ሲሉኝ ተቀብራ ነበር?”

“አዎ።”

ሕፃኗን ከጉልበቴ ላይ አነሳቻት።

ከዚያ ወዲያ ሰንበቴ ላይ ተነስቼ፣ “ሞትን እንደ ሌባ አንደብቀው፤ በሽተኛ ኑዛዜውን ሊናገር ሲል ዝም አናሰኘው፤ ሐዘንተኛም በጊዜው ያልቅስ” አልኩ።

“ኧረ ሟርትህን ያዝልን፣ ጠላው መረረን!” አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ፤ ቄሱም ጭምር። ሁለት ጊዜ ደግሜ ሞከርኩ። በሦስተኛው አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ተውኩት። የራሱን ልጅ የዋሸ ሰው ምክሩ ክብደት የለውም።

በዓመቱ ባሏ ወደ ኦጋዴን ዘምቶ ወሬው ጠፋ። ልጄ መጥታ፣ “የሰሙት አለ?” አለችኝ።

“ምንም አልሰማሁም” አልኳት። እውነቴን ነበር።

ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችው። “እሺ፣ አባባ” አለችና ከነጋዴ የሰሙት እንዳለ ልትጠይቅ ወደ ጠራዡ ሽማግሌ ቤት ሄደች። እሳቸውም ምንም አልሰሙም ነበር። እሳቸውን ግን አመነቻቸው።