የእትዬ ዘሀራ ሳጥን

ብዙ ዕቃ አዋርዶኛል፤ እንደ እትዬ ዘሀራ ሳጥን ያዋረደኝ ግን የለም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዶሮ የሚያረቡ ሴትዮ ናቸው። የእንቁላል ማስፈልፈያ ሠራሁላቸው፤ በአምፖል የሚሞቅ ባለ ክዳን ሳጥን ነው። ላዩ ላይ ያለችው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ውስጡ ካስገባሁት ሴንሰር ሙቀቱን እያነበበች አምፖሉን ታበራለች፣ ታጠፋለች። በማግስቱ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ማሽንህ ከዜሮ በታች ሠላሳ ይላል። ቤቴ በረዶ ገባ እንዴ?»

ስደርስ መብራት ጠፍቷል። ቦርዷን ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ በባትሪው ሳስነሳት ያንኑ ቁጥር ትቀባጥራለች። ነገሩ ገባኝ። ቦርዷ አዲስ ናት፤ ሴንሰሩ ከአሮጌ ዕቃ የፈታሁት ነው። በጥድፊያ ስትጠይቀው ይደናበራል።

«ምን ሆና ነው?»

«ትፈጥንበታለች፣ እትዬ። ረጋ ብላ እንድታናግረው አደርጋታለሁ።»

«ምነው ምራቴንም እንዲያ ባደረግህልኝ!»

የሚነጋገሩበትን መስመር ፍጥነት ወደ ሩብ አወረድኩት። ቁጥሩ ወዲያው ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመ፤ ንቅንቅ የለም። ደረቴን ነፋሁ።

«አዩልኝ! መብራት ጠፍቶ እንኳ ሙቀቱ አልወረደም። እንዲህ ያለ ሳጥን ፈረንጅም አይሠራም!»

እትዬ ዘሀራ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«እስቲ ክፈተው።»

ክዳኑን ብድግ ሳደርግ፣ እንቁላሎቹን ከነሴንሰሬ የታቀፈች ቀይ ዶሮ እጄን በመንቁሯ ወጋችኝ።

«መብራት እስኪመጣ ማን ያሙቅልኝ ታዲያ?» አሉ። «በል ረጋ ብለህ ክደናት፤ እሷም ጥድፊያ አትወድም።»