ጋሪ ይዤ ቦንድ ልረከብ

ሰበታ ገበያ ልባሽ ጨርቅ እሸጣለሁ። ዕቃችን የሚመጣው በቦንዳ ነው፤ ተጠፍንጎ የታሰረ ትልቅ እስር። ውስጡ ምን እንዳለ ሳይፈታ አይታወቅም። አንዴ የሕፃን ልብስ ነው ተብዬ የገዛሁት የመዋኛ ቁምጣ ብቻ ሆኖ ወጣ። ሰበታ ላይ ማን ይዋኛል?

ጦርነቱ በበረታበት ሰሞን ከቀበሌ አንድ ወጣት ድምፅ ማጉያ ይዞ ገበያው መሃል ቆመ። መንግሥት ለጦሩ ስንቅ ገንዘብ ስለሚያስፈልገው ቦንድ እየሸጠ ነው፣ ግዙ አለ። ማጉያው ይቆራረጣል፣ እኔ የሰማሁት ቦንዳ ነው። ቀበሌ ሲባል እንኳ መንገድ የምቀይር ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን ደስ አለኝ። መንግሥት የሚሸጠው ቦንዳ መቼም የመዋኛ ቁምጣ አይሆንም ብዬ የሚቀጥለውን ዕቃ ልገዛበት የያዝኩትን፣ ያለኝን በሙሉ፣ ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ሰው አጨበጨበልኝ። ነገ ቀበሌ መጥተሽ ትረከቢያለሽ አለኝ።

በማግስቱ ጋሪ ተከራይቼ ሄድኩ። ባለጋሪው ሽማግሌ ናቸው፣ ገበያው ሁሉ ኦቦ ነው የሚላቸው። ወጣቱ አንዲት ወረቀት ሰጠኝ።

"ቦንዳውስ?" አልኩት።

"ይኸው እጅሽ ላይ።"

ገልብጬ አየሁት። "ልብሱስ?"

"የምን ልብስ ማዘር? ቦንድ እኮ ነው። ለመንግሥት አበደርሽ ማለት ነው። ዓመቱ ሲደርስ ከነወለዱ ይመልስልሻል።"

ወረቀቱን ይዤ ወጥቼ ለኦቦ ነገርኳቸው። ወረቀቱን አይተው ባዶውን ጋሪ አዩ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አያቴ ለጣልያን በሬ ሸጠው እንዲህ ያለ የወረቀት ገንዘብ ተቀብለው ነበር። ጣልያን ሲባረር ወረቀቱን የሚቀበላቸው ጠፋ። አገሩ ሁሉ ጠላት ወጣ ብሎ ሲጨፍር እሳቸው ብቻ አዘኑ አሉ።"

"አንቱ ደግሞ አያስፈራሩኝ እንጂ።"

"አይ፣ ያንቺስ የራሳችን መንግሥት ነው። ዕድሜ እንዲሰጠው ጸልዪ። የጋሪዬን ግን ቦንድ እንዳታደርጊብኝ።"

ጎረቤቴ ከቦንዳዋ በዱቤ አካፍላኝ ሥራ ቀጠልኩ። ወረቀቱ ሳጥኔ ውስጥ ነው፣ ዓመቱ ገና አልደረሰም። ድሮ መንግሥትን ነበር የምፈራው፣ አሁን ለመንግሥት እፈራለሁ። ሬዲዮ ዜና ሲጀምር ገበያተኛ ትቼ ጆሮዬን እደቅናለሁ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለው "ይሄ መንግሥት ዘንድሮ አይከርምም" የሚሉትን ስሰማ አላስችል ይለኛል።

"ኧረ ቀስ በሉ፣" እላቸዋለሁ፣ "የኔ ቦንዳ እሱ ጋ ነው።"