ጉርሻ የለመደ ቴጉ

ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ «መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ» ትለኛለች። ሶፋ ላይ ብቀመጥ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ፣ ቴሌቪዥንም የማየው እየተንጎራደድኩ ነው። ሥራዬም እንደ ጠባዬ ነው። ከንጋት ጀምሬ ከኤርፖርት ወደ ኧርቪንግ ሆቴሎች፣ ከኧርቪንግ ወደ ዳላስ ሰው አመላልሳለሁ። ቀይ መብራት ሲይዘኝ እንኳ መሪውን በጣቶቼ እደበድባለሁ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን እንሽላሊት አላማጅ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

እንሽላሊት ያልኩት ለማሳጠር ነው። ቴጉ ይሉታል፤ ሲያድግ ከአርጃኖ አይተናነስም። የኛው ገና ግልገል ነበርና ከነጭራው ክንዴን ቢያክል ነው። ጭንቅላቱ አረንጓዴ፣ ገላው ጥቁርና ነጭ፣ ምላሱ ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ። ልጄ፣ ከተማ የምትለቅ ጓደኛዋ ሰጥታት፣ አንድ ቅዳሜ ክዳኑ በተበሳሳ የፕላስቲክ ሳጥን ይዛው ገባች። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ወጥታ «አዞ ቤቴ አይገባም!» ብላ ጮኸች።

እኔ «ይግባ» አልኩ። እንሽላሊት ወድጄ አይደለም። ልጄ ሃያ ዓመቷ ነው። ኮሌጅ ጀምራ በመንፈቁ አቆመችና ክፍሏን ዘግታ ከተቀመጠች ወራት አልፈው ነበር። ምን ሆንሽ ስንላት መልሷ «አይም ፋይን» ብቻ ነው። ምግብ በሯ ላይ አስቀምጬላት እሄዳለሁ፤ ስመለስ ሳህኑ እንዳለ ነው። ያን ቅዳሜ ግን ፀጉሯን አበጥራ፣ ሳሎን መካከል ቆማ፣ ስለ ሙቀት መብራት፣ ስለሚቆፍረው አፈር፣ ስለሚፈልገው እርጥበት ታወራ ነበር። ዘንዶም ይዛ ብትመጣ ይግባ ነበር የምለው።

ብዙም ሳይቆይ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ካለው አፓርትመንታችን አቅራቢያ አንድ የቤት እንስሳት መደብር ውስጥ ሥራ ያዘች። እሷ ሥራ ላይ ስትሆን እኔ ቀትር ላይ ለእረፍት ቤት እገባለሁ፤ ውሃውን እንድቀይርና መብራቱን እንዳይ ብቻ ነው የታዘዝኩት። የምታበላው ራሷ ናት፤ ያውም ወደ ሌላ ሳጥን አዛውራ፣ እሷ «ቶንግስ» በምትለው ረጅም ጉጠት። «ዳዲ፣ አንተ ፊድ አታድርገው፣ ኦኬ?» ብላኛለች። ለምን እንደሆነም ሳትነግረኝ አልቀረችም፤ እኔ ግን የመኪና ቁልፌን እየፈለግኩ ነበር።

ቴጉው መጀመሪያ ላይ ሰው ሲያይ አፈሩ ውስጥ ይቀበራል። ይሄ አላስቻለኝም። ልጄ ወራት ሊወስድ እንደሚችል፣ መታገሥ እንዳለብን ትነግረናለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለቷ ነው፤ እኛ ቤት ግን እንቁላሉን እግር ሳያወጣ ቴጉው ይበላዋል። አንድ ቀን ከፍሪጅ የተፈጨ ተርኪ አወጣሁና በጣቶቼ አድቦልቡዬ አፉ አጠገብ ያዝኩለት። ምላሱን ላከ፣ አሸተተ፣ ላፍ አደረገው። እኔ እንግዳ የማቀርበው፣ ከሰው የምታረቀው፣ ልጅም ያሳደግሁት በጉርሻ ነው። ሌላ መንገድ አላውቅም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገምኩለት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። ኮቴዬን ሲሰማ ከአፈሩ ወጥቶ መስታወቱን በጥፍሩ ይቧጥጣል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ልጄ ትንሽ ሳለች ከእኔ እጅ ካልሆነ አትበላም ነበር። ሚድል ስኩል ስትገባ አንድ ቀን ፊቷን አዞረችና «እጅህን ታጥበሃል?» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ አጉርሻት አላውቅም። አሁን አፉን ከፍቶ የሚጠብቀኝ ፍጡር ቤቴ ውስጥ ተገኘ። «ተላመደኝ እኮ!» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁባት፤ በምን እንደተላመደኝ ግን አልነገርኳትም።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። የቸኮልኩት እኔ፣ የተነከሰችው እሷ። አንድ እሁድ ከሰዓት ሳጥኑን ልታጸዳ እጇን ስትሰድ ቴጉው ዘሎ ጣቷን ያዘ፤ ያዘና አልለቅም አለ። ጩኸቷን ሰምተን ስንደርስ ከነእጇ ቧንቧ ሥር ይዛው ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰችበት ነበር። ሲለቃት ደሟ ሲንኩን ሞላው። ባለቤቴ ቁስሉን እያሰረች ወደኔ ዞረች። «እስከ እንቁጣጣሽ መንከሱን ካልተወ ይሄ አውሬ ይወጣል። አዲስ ዓመትን ከአዞ ጋር አልቀበልም!»

ልጄ ግን የምታየው ጣቶቼን ነበር። ጥፍሬ ሥር የተፈጨ ሥጋ አለ።

«ዳዲ፣ ሃንድ ፊድ አድርገኸዋል?»

«ጉርሻ ነው እንጂ...»

«ስንት ጊዜ?»

«በየቀኑ። ሁለት ሁለት።»

«ሶ አሁን ለሱ እጅ ማለት ምግብ ነው! ያንተም እጅ፣ የኔም እጅ፣ የማንም እጅ! ለዛ እኮ ነው ቶንግስ የገዛሁት!»

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። ያን የበር ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ወራት ሙሉ አብሬው ኖሬአለሁ። ከማንኛውም አውሬ ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። ቴጉው ከዚህ ቤት ከወጣ ልጄ ከዚያ በር እንደማትወጣ ሆዴ ነገረኝ።

አንኳኳሁ። «ምን ላድርግ?» አልኳት። ደግሜ ጠየቅኳት።

«ባኞ ውስጥ ከሱ ጋር ቁጭ በል» አለች ከውስጥ። «ውሃ የለም፣ ምግብ የለም። ባኞው ስለሚያንሸራትተው ወጥቶ አይሄድም። ሽታህን ይለምዳል። ምንም አታድርግ፣ ዳዲ። ጀስት ቁጭ በል።»

በማግስቱ እጄን ፈትጌ ታጥቤ፣ ከነልብሴ ደረቅ ባኞ ውስጥ ገባሁ። እሱ በዚያኛው ጫፍ፣ እኔ በዚህኛው። ቁጭ ማለት ከመንዳት የከበደ ሥራ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። እግሬ ሲንቀጠቀጥ ሆዱን ነፍቶ «ፍሽሽ» ይላል፤ ሲብስበት በጭራው ቁርጭምጭሚቴን ይገርፈኛል። እጄ ከተነሣ ደግሞ ጉርሻ መስሎት አፉን ከፍቶ ይመጣል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይነዝራል፤ ኤርፖርት ቆሞ መኪና የሚጠብቅ ሰው አለ። ገላዬን ሁሉ ይበላኛል። ዘልዬ ልወጣ ስል ያ የበር ድምፅ ትዝ ይለኝና መልሼ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ብቅ ትልና «ወይ ጉድ፣ ሰውዬው ለየለት!» ብላ ትሄዳለች።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ በቀጥታ ክፍሏ ትገባለች። ከበሩ ጀርባ «ነከሰህ?» ትለኛለች። «ዛሬስ አልነከሰኝም።» «ኦኬ።» ያ ነበር ወሬያችን ሁሉ። እንቁጣጣሽ እየቀረበ ሄደ፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

የፍልሰታ ጾም ገባ። አንድ ቀን እህል ሳልቀምስ ባኞዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ቴጉው ተነሣ። እየቆመ፣ ምላሱን እያወጣ መጣና በእግሬ ላይ ወጣ። በካናቴራዬ ሥር ገብቶ ሆዴ ላይ ተዘረጋ፤ ጭንቅላቱን በአንገትጌዬ አወጣው። ከዚያ ተኛ። ስልኬ ነዘረ፣ ደግሞ ነዘረ፣ ዝም አለ። እግሬ እንዳልተንቀሳቀሰ ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው።

«ዳዲ?» ልጄ ቦርሳዋን እንዳነገተች በሩ ላይ ቆማለች። ተንበረከከችና ጠባሳ ያለበትን ጣቷን ወደ አፉ አስጠጋች። ተዪው ልላት ፈልጌ እንዳላስደነግጠው ተውኩት። ቴጉው ዓይኑን ከፈተ። ምላሱ ጠባሳዋን ነካት፣ ደግሞ ነካት። ከዚያ አንገቴ ላይ መልሶ ተጋደመ።

ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«በልተሃል?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የጾም መፍቻው ሰዓትማ አልፏል። ግን እንዴት ልነሣ?»

ወጣች። ከኩሽና የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ፤ ብዙ ፈሰሰ። ሽሮ በእንጀራ ይዛ ተመለሰችና የባኞው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መታጠቢያ ቤት ውስጥ እህል ሲበላ እናቷ ብታይ ጉዳችን ነበር።

«ታጥቤያለሁ» አለች ሳልጠይቃት። «ደግሞ ቴጉው ሽሮ አይወድም።»

መጠቅለል አታውቅበትም። ግማሹ አገጬ ላይ ቀረ፣ ጣቶቿም ጥርሴን ገጩት። አለቀስኩ፤ ሆዴ እንዳይንቀሳቀስ እየተጠነቀቅኩ አለቀስኩ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አልኳት ውጬ ስጨርስ።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ!» አለችና ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስበልጣ ጠቀለለችው።