በእኔ እጅ የተሞላው ፎርም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ማህሌት የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን የምትሞላበትን ስልክ ጭኔ ላይ አስቀምጣ «እማዬ፣ አንቺ ሙዪልኝ፣ እኔ ጨነቀኝ» ስትለኝ፣ ስልኩ ከምድጃ እንደወረደ ድስት አቃጠለኝና መልሼ እጇ ላይ ጫንኩት። አጠገቧ ተቀምጬ የጠየቀችኝን ሁሉ እስኪመሽ አስረዳኋት፤ ጣቴን ግን አላስነካሁም። አኮረፈችኝ። ይህ እጅ ከዚህ በፊት ምን እንደጻፈ አልነገርኳትም።

ያኔ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ሆቴሎቹ ሳይበዙ በፊት፣ ጓሯችን ድረስ የእርጥብ መረብ ሽታ በሚመጣበት ቤት ነበር የምንኖረው። አባባ ከደብረ ብርሃን በመንግሥት ሥራ ተዛውረው መጥተው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ያረጁ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመስኮት አሻግረው የቀኑት ደግሞ በፋርማሲስቱ ነው። ነጭ ጋውኑ አይቆሽሽም፣ ደም አይነካም፣ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው የለም፣ ሰው ግን ተሰልፎ ይለምነዋል። ታላቅ ወንድሜ ግርማ አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት ሲያልፍ ያችን ወንበር በልባቸው ሰጥተውት ጨርሰዋል።

የግርማ ልብ ግን ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነበር። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቀጥ ብሎ ዓሣ አስጋሪዎቹ ዘንድ ይሄዳል፤ የመረቡ ቀዳዳ እየጠበበ ትንንሾቹ የቆሮሶ ዓሣዎች መውጣት ሲጀምሩ «እነዚህ እኮ ገና አልወለዱም» እያለ እራታችንን ያስጠላናል። የዓሣ ሀብት ማጥናት ነበር ምኞቱ። አባባ «ዓሣ ይበላል እንጂ አይማሩትም» ብለው ነገሩን ዘጉት።

በቤታችን ያምራል የተባለው እጅ ጽሑፍ የእኔ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ቢሆንም የአባባን ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ለአንድ ተማሪ አንድ ፎርም ብቻ ስለሚሰጥና ስርዝ ድልዝ ስለማይፈቀድ የግርማም ለእኔ ተሰጠ። በዚያ ሳምንት አባባ መነጽራቸው ላይ ራሳቸው ተቀምጠውበት ፊደል ሁሉ ጉንዳን ሆኖባቸዋል። ግርማ ጓሮ ወሰደኝና «እታለም፣ አባባ አያዩም። ፋርማሲ ሲሉሽ ዓሣ ሀብት ብለሽ ጻፊ። ጊዜውን ጠብቄ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። ለአባባም እሺ ብያለሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚባለውን ያኔ አላውቅም።

ጠረጴዛው ላይ አባባ በአንድ ወገን ቁጭ አሉ፤ ግርማ በሌላው ወገን ቆመ። «አንደኛ፣ ፋርማሲ» አሉ አባባ። የአባባ ፊት ወረቀቱ ላይ እስኪደርስ ዝቅ ሲል፣ ማየት አለመቻላቸውን እያወቅኩ፣ ልቤ ከዳኝ። የጻፍኩት እሳቸው ያሉትን ነው።

«አንብቢልኝ።»

«አንደኛ፣ ፋርማሲ» ብዬ አነበብኩ። አባባ ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ግርማ ደግሞ እሳቸውን እያታለልኩለት መስሎት ጠቀሰኝ። ያ ጥቅሻ ዛሬም ያሳፍረኛል። ፎርሙን አጥፎ በሸሚዙ ኪስ ከትቶ እያፏጨ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።

ፋርማሲ ደረሰው። ተማረ፣ ሻሸመኔ ተቀጠረ፣ እዚያው ትዳር ያዘ። ስለ ፎርሙ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ዓሣ ሀብት ተሞልቶለት ምደባው ፋርማሲ የጣለው ነው የመሰለው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አንድ ቀን ፎርሙን ያነሣብኛል ብዬ ስለምፈራ ግን ብቻችንን መሆን ጠላሁ። በዓል ሲሆን እሱ ይመጣል፤ እኔ ከወጥ ቤት አልወጣም። ቤቴ ነይ ብሎ ሲጠራኝ ሰበብ አላጣም።

አምና የአባባን አርባ ካወጣን በኋላ፣ ድንኳኑ ሲነሣ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻችንን ቀረንና ነገሩ ከአፌ ወጣ። ግርማ አላዘነም፣ አልደነገጠም።

«አንብቤዋለሁ እኮ» አለኝ። «ሳላስገባው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ።»

«ታዲያ ለምን ሌላ ፎርም ለምነህ አላስለወጥክም?»

«ዓሣ ሀብት ቢደርሰኝ አባባ ማንን ነበር የሚቆጡት? ፎርሙን የጻፍሽው አንቺ መሆንሽን ያውቃሉ።»

ከሐዋሳ ሻሸመኔ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወንድሜን ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ የኖርኩት፣ እንዳያውቅብኝ ብዬ ነበር።