እምቢ እና ስምንተኛው ወንበር

እህቴን የቼዝ ሰዎች «እምቢ» ብለው ነው የሚጠሯት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ዳኞቹ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቅጽል ስሙ የወጣላት አቻ መውጣት ስለማትወድ ነው። ተጋጣሚዋ ሲደክመው ወይም ሲፈራ እንጨባበጥና እንለያይ ብሎ እጁን ይዘረጋል፤ እሷ እጁን አይታ፣ ፊቱን አይታ፣ «እምቢ» ትላለች። ሌላው ተጫዋች «ይቅርታ፣ ትንሽ ልየው» ይላል። የኔ እህት ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም።

እናታችን ደግሞ ጠባዩ ከቼዝ በፊት የነበረ ነው ትላለች። «ጡት ሳስጥላት እንኳ ስንት ወር ተሟግታኛለች» ብላ ለእንግዳ ሁሉ ታወራለች።

ሥራዋ መነጽር ቤት ነው። ፊት ለፊት ባለሱቁ ደንበኛ ያስተናግዳል፤ ከመጋረጃው ጀርባ እሷ መስተዋቱን እየሞረደች ከፍሬሙ ጋር ታገጣጥማለች። ክፍሏ ሁለት ሰው አያስቆምም። ውሃ የሚያንጠባጥብ መሞረጃ ማሽን አለ፣ አንድ መብራት አለ፣ ጤፍ የሚያካክሉ ብሎኖች በጠርሙስ ክዳን ላይ ተዘርግተዋል፤ እዚያ ገብቶ ማስነጠስ ክልክል ነው። ይህ ሥራ አመል አስይዟታል። የተንጋደደ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ሰው ቤት ሄዳ ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ ታቃናለች። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ የማታውቀው ሰው መነጽሩ ወደ ግራ ዘንበል ቢልባት እጇን ሰድዳ አቃናችለት። ሰውዬው ሌባ ሌባ ብሎ ጮኸ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። እሷ «አሁን በደንብ ያያሉ» ብላው ወረደች።

የቼዙን ነገር ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ለእናቴ ስንት ጊዜ አስረድቼ ለምጄዋለሁ። በሻምፒዮናው የሚሰለፉት ስምንት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስምንቱ የሚመረጡት አንድ ቀን ስለቀናቸው አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በስድስት ከተሞች ስድስት ውድድር ይካሄዳል። በየውድድሩ አንደኛ የወጣ ብዙ ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛው ትንሽ አነስ ያለ፣ ሦስተኛው ከዚያም ያነሰ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ከስድስቱ ውጤት የተሻሉት አራቱ ይደመሩለታል፤ ሁለቱ መጥፎዎቹ ይጣላሉ። ስለዚህ አንዴ ብትታመም፣ አንዴ ብትበላሽ አትወድቅም። አንዴ ብቻ ብትጎብዝ ግን የትም አትደርስም። በድምሩ ከላይ ያሉት ስምንቱ ይገባሉ፤ ዘጠነኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ ውጤት ይሰማል።

እናቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምታ «ታዲያ ይኼ ሁሉ መንከራተት ስምንተኛ ለመሆን ነው?» አለች።

«አዎ እማ» አለች እህቴ። «አንደኛ መሆን የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።»

አሠራሩ ፍትሐዊ ነው ይባላል፤ እኔም አብዛኛው ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ግን ቀዳዳ አለው። በመጨረሻው ውድድር፣ በመጨረሻው ዙር፣ አቻ ቢወጡ ሁለቱም የሚያልፉ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ማንም ያልጻፈው ልማድ ይሠራል። ለይምሰል ጥቂት ርምጃ ይጫወታሉ፣ ይጨባበጣሉ፣ ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ። ከእነሱ በታች ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ በየአውቶቡሱ ሲንገላታ ከርሞ በሁለት ሰዎች ሻይ ይቀራል። ሕግ አልተጣሰም። ማንን ትከሳለህ?

ከሦስት ዓመት በፊት የቀረችው ሰው እህቴ ነበረች። ጨዋታዋን ቀድማ አሸንፋ ጨርሳ፣ ስምንተኛ ነኝ ብላ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ሁለት ሰዎች ተጨባበጡና ዘጠነኛ አደረጓት። አንደኛው ከዚያ ወዲህ ቼዝ ትቷል። ሁለተኛው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ዕድሜው ወደ ስልሳ ይጠጋል፣ ሁሉም ሰው «ጋሼ ሹፌር» እያለ በአንቱታ ይጠራዋል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱታዬን ነፍጌዋለሁ። ምክንያቱም ሲወጣ በፊቷ አልፎ «አይዞሽ» ብሏታል። ገደል ገፍትሮ ጥሎ አይዞሽ!

እህቴ ያን ዕለት አላለቀሰችም። ቤት ስንደርስ ጫማዋን እያወለቀች «በዚህ መንገድ ማንንም አላስወጣም፤ በዚህ መንገድም አልገባም» አለች። እኔ ንዴት ነው፣ ሲበርድላት ትረሳዋለች ብዬ ነበር።

ዘንድሮ የመጨረሻው ውድድር እኛው ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ምግብ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። የመጨረሻው ዙር ድልድል ሲወጣ እህቴ የደረሳት ከአንድ መሐንዲስ ጋር ነው። ሹፌሩ የራሱን የመጨረሻ ዙር ጨዋታ አስቀድሞ ጠዋት ተጫውቶ አሸንፏል፤ ከዚያ በኋላ ከመጠበቅ በቀር ሥራ የለውም። ሒሳቡ ለሁሉም ግልጽ ነበር። እህቴና መሐንዲሱ አቻ ከወጡ ሁለቱም ይገባሉ፣ ሹፌሩ ዘጠነኛ ሆኖ ይቀራል። አንዳቸው ከተሸነፉ ግን የተሸነፈው ይወጣና ሹፌሩ በቦታው ይገባል።

ትምህርት ቤቱ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ምሳ ስንበላ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«እግዜር እኮ ነው ያመጣልሽ» አልኳት። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

«ሰፋሪዋ እኔ አይደለሁም።»

«እታለም፣ አርባ ሰባት ዓመትሽ እኮ ነው። የሰው ዓይን ስታበጂ የራስሽ ዓይን እያለቀ ነው። ይኼ ዕድል ተመልሶ ይመጣል ብለሽ ነው?»

«ከተሸነፍኩ ዘጠነኛ እሆናለሁ። ሆኜ አይቼዋለሁ፤ አይገድልም።»

«ያ ሰውዬ ባንቺ ቦታ ቢሆን ላንቺ ብሎ የሚጫወት ይመስልሻል?»

«አይጫወትም» አለችና ዳቦዋን ቆረሰች። «እሱን አይደለሁማ።»

መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይላሉ። የኔዋ መካሪ አጠገቧ ተቀምጣ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ትለፈልፋለች፤ እሷ የዳቦ ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ ታራግፋለች። በጣም ተናደድኩባት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼም ነበር፤ ያንን ፊቷን ሁለተኛ ማየት አልፈለግሁም።

አዳራሹ ውስጥ ወለሉ ገና ታጥቦ አልደረቀም። ተመልካች ከገመድ ወዲህ ይቆማል። መሐንዲሱ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፊቱ በርቶ ገባ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ትሑት ነው፣ እህቴን «እትዬ» ነው የሚላት። ግን እርግጠኛ ከመሆኑ የተነሣ ሚስቱን ደጅ መኪና ውስጥ አስቀምጧት ነው የመጣው። ሹፌሩ ግድግዳው ጥግ ወንበር ላይ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አጥፎ ተቀምጧል። ልማዱን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ለመሄድ ተዘጋጅቶ ነበር።

ዘጠኝ ርምጃ ያህል ተጫወቱ። መሐንዲሱ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። «አቻ፣ እትዬ?»

«እምቢ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እጁ አየር ላይ ቆየ። እህቴ አንገቷን ደፍታ ሰሌዳውን ማየት ቀጠለች። ዳኛው ከወረቀቱ ላይ ቀና አለ፣ ሰው ተንሾካሾከ፣ ሹፌሩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ወደ ገመዱ ተጠጋ።

ትንሽ ቆይቶ መሐንዲሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ሁለታችንም እንገባለን እኮ፤ ሒሳቡን አላየሽውም?» አላት።

«አይቼዋለሁ። ተጫወት።»

ከዚያ በኋላ እውነተኛ ጨዋታ ሆነ። እኔ ቼዝ ላይ እምብዛም ነኝ፤ የእሷን ትከሻ ግን አነባለሁ። ትከሻዋ ዘና ብሎ ነበር። መሐንዲሱ ሸሚዙን ከአንገቱ ፈታ፣ ውሃ ጠጣ፣ ደጋግሞ ሰዓቱን አየ። እያሸነፈች ነው አልኩ በልቤ፤ እንዲያውም ምሳ ላይ የተናገርኩትን ሁሉ ለመርሳት እየተዘጋጀሁ ነበር።

ያኔ ያ የተረገመ አመሏ መጣ። ከጠጠሮቿ አንዱ፣ ግንቡ፣ ከቤቱ ትንሽ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ተጫዋቾች ጠጠር ለማቃናት ሲፈልጉ አስቀድመው «ላስተካክል» ማለት አለባቸው፤ እሷም ሁልጊዜ ትላለች። ካላሉ ግን የነኩትን ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። ሐሳብ ውስጥ ገብታ ስለነበር እጇ ብቻውን ሄዶ፣ ልክ እንደዚያ ሰውዬ መነጽር፣ ግንቡን አቃና። አፏ አልተናገረም።

መሐንዲሱ ፊቱ ተለዋወጠ። አንድ ጊዜ ዝም ሊል አሰበ መሰለኝ። ግን ሁለት ጊዜ አቻ ለምኖ ተመልሶበታል፤ ዳኛውን ጠራ።

«ግንቡን ነክታለች።»

ዳኛው መጣ። ለእሷ ሲል ይሁን እንዳያጨቃጭቁት ብሎ እንጃ፣ «ላስተካክል ብለው ይሆን፣ እኔ ያልሰማሁት?» አላት። አዎ ብትል በዚያው ያበቃ ነበር። እኔ ከገመዱ ወዲህ ሆኜ አዎ በይ፣ አዎ በይ እላለሁ።

«አላልኩም። ነክቻለሁ» አለችና ግንቡን አንሥታ ካለቦታው አስቀመጠችው።

አንድ ወታደር ወዲያው ተበላባት። ከጥቂት ርምጃ በኋላ ሌላ ሊበላ ሆነ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። መሐንዲሱም ከዚያ በኋላ እጁን አልዘረጋም፤ ማን ይዘረጋል? ሚስቱ ትዕግሥቷ አልቆ የመኪናውን ቁልፍ እያወዛወዘች ገባችና ከአጠገቤ ቆመች። «ቶሎ ይወጣል ብሎኝ ነበር» አለችኝ። «እህቴን አያውቃትማ» አልኳት። በልቤ ግን እህቴን እየሰደብኳት ነበር፤ ስድቡን ስጨርስ ጸሎት ጀመርኩላት።

ቀኑ እየመሸ መብራት በራ። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሁሉ ባዶ ሆነው ሰዉ በሙሉ በእነሱ ዙሪያ ተኮለኮለ። እህቴ እያንዳንዷን ወታደር በጥርሷ ነክሳ የያዘች ያህል ተከላከለች። ግንቦቹ ተላለቁ፣ ጠጠሩ ሳሳ። መሐንዲሱ አንድ ወታደር ቀረችው፤ ያቺ ወታደር መጨረሻው መስመር ከደረሰች ንግሥት ትሆናለች፣ ንግሥት ከሆነች የእህቴ ነገር አለቀ። አንድ ርምጃ ሲቀራት እህቴ በመጨረሻው ፈረሷ በላቻት። መሐንዲሱ በንጉሡ ፈረሱን በላ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ንጉሦች ብቻ ቀሩ። ሁለት ንጉሦች ብቻቸውን መቼም አይሸናነፉም፤ አቻ ነው።

አሁን እጇን የዘረጋችው እህቴ ነበረች። መሐንዲሱ በሁለት እጁ ያዛት። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ ውጤቱን እየለጠፈ «ግማሽ ግማሽ። ይኼንን እኮ ገና ሳይመሽ መጨረስ ትችሉ ነበር» ብሎ ቀለደ፤ ሰዉም ሳቀ። ደሜ ፈላ። «አዎ፣ እንደናንተ ሻይ እየጠጡ!» አልኩት ሰው ሁሉ እየሰማኝ። ወረቀቱ ላይ ያው ግማሽ ነጥብ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ወረቀቱ ግን ሲያልበው አልዋለም። እህቴ ወንበሯን የያዘችው ልታጣው ፈቅዳ ነው፤ ሹፌሩም የወጣው ለመግባት ዕድል ተሰጥቶት ነው። ይህን ልዩነት የማይገባው ሰው ማኅበር ውስጥ ምን ይሠራል?

ሹፌሩ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ክፉ ቃል ከወጣው ልመልስለት ከጎኗ ቆምኩ። እሱ ግን ከፊቷ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ወጣሁ ማለት ነው» አለ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ግንቡን ስትነኪ እዚያ ነበርኩ። አላልኩም ባትይ ኖሮ በደንብ ታሸንፊው ነበር፤ እኔም እገባ ነበር።»

«ነካሁት እኮ።»

ሹፌሩ አንዲት ወታደር አንሥቶ በጣቶቹ ሲያዞራት ቆየ። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሣ «እኔ ብሆን በዘጠነኛው ርምጃ እጨብጥ ነበር» አለ።

«ጨብጠው ያውቃሉ» አለችው እህቴ።

ፊቱ ደም መሰለ። «እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ይቅር—»

«ጋሼ፣ ይቅርታዎን አልፈልግም። የሚመጣው ዓመት የመጨረሻው ዙር ላይ እንዲህ ያለ ወንበር ሲገጥምዎት፣ ያንን እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱትና ይጫወቱ። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።»

ሹፌሩ ወታደሯን ሰሌዳው ላይ መለሳት። «እሞክራለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ይሞክሩ አላልኩዎትም» አለችው።