የሙሽራው ዘውድና የአጎቴ ማሽን

እኔ የምሠራው ሞጣ ነው፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አጎቴ ደግሞ ብቸና ላይ ፀጉር ያስተካክላሉ። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ የብቸና ጎረምሳ ሁሉ ግንባሩን ያክክ ጀመር። ጭርት ነው። ጭርት ሲወጣ ፍርዱ አስቀድሞ ታውቋል፤ ጥፋተኛው ፀጉር አስተካካዩ ነው። አጎቴ ማሽናቸውን በአልኮል እንደሚያጸዱ ቢምሉም፣ ሰፈሩ «ጠርጥር፣ ከገንፎም መሀል አይጠፋም ስንጥር» እያለ ሸሻቸው። ባዶ ወንበራቸውን እየወለወሉ ይደውሉልኛል። ሱቁ ሊዘጋ ነው፤ አንጀቴን በሉት።

ብዙም ሳይቆይ ሞጣም ማከክ ጀመረ። ሞጣ ብቸናን፣ ብቸና ሞጣን ሲከስ እኔ መሀል ላይ ተቀመጥኩ። ከሁለቱም ከተማ ታማሚዎች ግንባር ቅርፊት ፋቅሁ፤ የአጎቴን ማሽን ጥርስም ጠረግሁ፤ ሁሉንም አዲስ አበባ ወዳለ ላቦራቶሪ ላክሁ። እዚያ ፈንገሱን አሳድገው ዲኤንኤውን ያነጻጽራሉ። ለአጎቴ ሳስረዳቸው፣ ጭርትም እንደ ሰው ዘር ይቆጠርለታል፣ ከየት እንደመጣ ይታወቃል አልኳቸው። ለጋብቻ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ይህ ለማንም አይከብድም። አጎቴማ ነጻ ሊወጡ ነውና የውጤቱን ቀን ለሰፈሩ ሁሉ አወጁ።

የሁለቱ ከተማ ጭርት የአንድ ቤት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ ላይ ግን ምንም የለም። ታማሚዎቹን እንደገና ብጠይቅ፣ ሁሉም በቅርቡ ያገቡ ወይም ሚዜ የነበሩ ናቸው። ሙሽሮቹ የደፉት አንድ የኪራይ ዘውድ ነው፤ ሚዜዎቹም ፎቶ ለመነሳት እየተቀባበሉ ደፍተውታል። ዘውዱ ከካባው ጋር በሚኒባስ እየተላከ እስከ ሞጣ ይከራያል። አከራይዋ የአጎቴ ሚስት ናቸው።

እትዬ በዘውዱ ይኮራሉ። ውስጡ የተሰፋው ከፋይ ጨርቅ እንዳይደበዝዝ ብለው ውሃ አስነክተውት አያውቁም፤ በየሰርጉ ሽቶ ያርከፈክፉበታል። ከከፋዩ ላይ ናሙና ስጠርግ፣ ዘውዳቸው አዲስ አበባ ድረስ መፈለጉን እንደ ሽልማት ቆጠሩት። የዚያም ውጤት መጣ። ያው ጭርት ነው።

ብቸና ስደርስ ጎረቤቱ ውጤቱን ሊሰማ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ተሰብስቧል። አጎቴን ወደ ውስጥ ወስጄ ነገርኳቸው። ለታመመው ሁሉ መድኃኒት እንዳለ፣ ከፋዩ ተፈትቶ ከተቃጠለና የሚታጠብ ጨርቅ ከተሰፋበት ዘውዱም እንደሚድን ጨመርኩላቸው። አጎቴ ደንበኛ ባጣው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እሷ ታውቃለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ገና ነው አልኳቸው።

ተነሥተው ወጡና በሩ ላይ ቆመው፣ «ጥፋቱ የኔ ማሽን ነው» አሉ። ሰዉ ሁሉ አላልንም ወይ እያለ ተበተነ።

እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ያን ሁሉ የለፋሁት እሳቸውን ነጻ ለማውጣት ነበር። ምን ነካዎት ብዬ አፈጠጥኩባቸው።

አጎቴ መቀሳቸውን አነሡና ከፋዩን ሊፈቱ ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። «ደንበኛማ ፀጉሩ ሲያድግ ይመለሳል» አሉኝ። «እሷ ካኮረፈች ማን ይመልስልኛል?»