የወሩን ስም አልጻፍኩም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስናዘዝ እዘለዋለሁ። «አባ፣ ከቦታው በማይነቃነቅ ብስክሌት ውድድር…» ብዬ ገና ስጀምር ሳቃቸው እንደሚያመልጣቸው ስለማውቅ ነው። እናንተም ከፈለጋችሁ ሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ቡታጅራ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። ገበያው አጠገብ ያለው ጂም ባሉበት ቆመው የሚነዱ ሁለት ብስክሌቶች ያስመጣ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ መንገዱም ዳገቱም ይታያል፤ በኢንተርኔት ከሌላ ከተማ ሰው ጋር ትወዳደራለህ። ማሽኑ የእግርህን ጉልበት ይለካና ለክብደትህ አካፍሎ ምድብ ይሰጥሃል፤ ብርቱ ከብርቱ፣ ደካማ ከደካማ እንዲጋጠም። ፍትሐዊ ነው ይላሉ። ፍትሐዊ! ኪሎህን ይጠይቅሃል እንጂ እህል ቀምሰህ እንደሆነ መች ይጠይቅሃል?

ሁለተኛው ብስክሌት ላይ የሚወጣው ከድር ነበር፤ የዚሁ አካባቢ፣ የመስቃን ልጅ፣ በርበሬ ነጋዴ። ከገጠር ገበያ በብስክሌት በርበሬ እያመላለሰ ነው ያደገው። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ጀማሪ ፈልጎ የዝቅተኛውን ምድብ አሸናፊ በእውነተኛ ብስክሌት እንደሚሞክረው ሲያስታውቅ ከድር እንቅልፍ አጣ። ከጆንያ ተሸካሚነት የምወጣበት በር ይኸው ነው አለኝ። ለእኔስ? ለእኔ ጉራ ነበር። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ከውድድሩ በፊት መለካት ግድ ነው። ኮምፒውተር ያውቃል ተብዬ ቀኑን የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። እኔም ቆረጥኩ፤ በረመዳን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከአስር ሰላት በኋላ።

«ኧረ መምህር፣ ጾም ላይ ነኝ እኮ» አለኝ ከድር። «ከኢድ በኋላ ብናደርገው ምናለ?»

«ዛሬ መብራት አለ፣ ኔትወርክ አለ። ነገ መኖሩን ማን ያውቃል?» አልኩት። እውነቴን ነበር። እውነት እየተናገሩ ሰው መበደል እንደሚቻል ያን ቀን ተማርኩ።

ከድር ነዳ። ሲወርድ ግድግዳ ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ደርቆ ነበር፣ ውኃ ደግሞ አይጠጣም። ማሽኑ ዝቅተኛው ምድብ ውስጥ ጣለው። እኔስ? እኔ ምሳዬን በልቼ ነበር። ቁጥሩ ከፍ ሊል ሲል እግሬን ላላ አደርጋለሁ፣ ሲወርድ ትንሽ እጫናለሁ። እኔም ዝቅተኛው ምድብ ገባሁ። እሱን ረሃብ፣ እኔን ተንኮል።

ከኢድ በኋላ ውድድሩ ሆነ። ከድር አሸነፈ፤ ለዚያውም ጥሎኝ ሄዶ። ሁለተኛ ወጣሁ። ይታያችሁ፣ አጭበርብሬም ተሸነፍኩ! በማግስቱ ለአዘጋጆቹ ክስ ጻፍኩ፦ ከድር በልኬታው ቀን ጉልበቱን ደብቋል፣ በአንድ ወር ሰው እንዲህ አይለወጥም፣ ማስረጃው ይኸው። የሁለቱን ቀን ውጤት አያያዝኩ። እኔ ያደረግኩትን ነበር በእሱ ስም የጻፍኩት። ወሩ ምን ወር እንደነበር ግን አልጻፍኩም። ረስቼ ነው? አልረሳሁም። ጣቴ እዚያ ጋ ሲደርስ ዘለለው።

አመኑኝ። የሒሳብ መምህር ነኛ! ከድር ተሰረዘ። ወሬው ገበያ ገባ። በማሽን ያጭበረበረ በሚዛን አያጭበረብርም ወይ ተባለ። ከበርበሬው ጋር ሸክላ ይፈጫል የሚልም ተገኘ። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደ ጎረቤት ሱቅ አለፉ፣ ከዚያ የከድር ሱቅ ተዘጋ። እኔ በእሱ ቦታ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ የመጀመሪያው እውነተኛ ዳገት ላይ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። ደግ አደረጉኝ።

አምና ለፈተና ሥራ ወልቂጤ ሄጄ መናኸሪያው በር ላይ ከድርን አገኘሁት። ባጃጅ ይነዳል። «መምህር! እንዴት ነህ? ሰላም ነው?» ብሎ ሻይ ጋበዘኝ። ምንም አያውቅም ብዬ ልቤ አረፈ። ምን ዓይነት ልብ ነው?

ብርጭቆውን እያዞረ «በልኬታው ቀን እኮ ትንፋሽህን እሰማ ነበር» አለኝ። «እኔ ነፍሴ ልትወጣ ስትል አንተ ዘና ብለህ ነበር። ክሱንም አንተ እንደጻፍከው አውቃለሁ። የልኬታውን ቁጥር ከሁለታችን ሌላ ማን አየው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ያኔማ ጾም ላይ ነበርኩ። ሰው አምቼ ጾሜን ላበላሽ እንዴ? ከከሰስከኝ በኋላ ብናገር ደግሞ ብድር መመለስ ይመስላል። ተወው በቃ።»

ተወው አለኝ! ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? በጥፊ ቢለኝ ምን ነበረበት? ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ተሳፋሪ ጠራውና ሄደ። ተከትዬው መሮጥ እችል ነበር። ሻዬን ጨረስኩ።

ልጅነት ነው አልልም፤ ጎልማሳ ነበርኩ። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም፤ ሰይጣን ያን ሁሉ ማካፈልና ማባዛት ከየት ያውቃል? ይቅርታ የምጠይቀው እሱን ነው እንጂ እናንተን አይደለም። ቡታጅራ ገበያ የምትገበያዩ የከድር ደንበኞች ግን ይህን ካነበባችሁ፣ በርበሬው ንጹሕ ነበር፤ ሚዛኑም፣ እግሩም። ወሩ ረመዳን ነበር።